በአንድ ውሃ መኖር



ኢንጂነሪንግ የምንማር ልጆች ዕጣችን ይታወቃል። ሪሲቨሩ ምስል አላሳይ ሲል፣ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ፣ ስልኩ ቻርጅ አላደርግ ሲል «ኑ እስቲ፣ እናንተ አይደላችሁ ኢንጂነሮቹ?» እንባላለን። ሲቪል ብንማር፣ ኬሚካል ብንማር ለቤተሰብ ልዩነት የለውም። ባለፈው የሴሚስተር እረፍት የተጠራንበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። አንድ ባዶ አኳሪየም ፊት አቁመውን «ምን ዓይነት ዓሣ ይግባበት?» አሉን። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ግን መድረሳ የተማርነውም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማርነውም፣ አሁን እዚህ ግቢ የምንማረውም አስፈልጎናል። ቤታቸው አኳሪየም ያላቸው ወይም ሊገዙ ያሰቡ ወንድሞችና እህቶች ስለማይጠፉ የደረስንበትን እናካፍላችሁ።

ጉዳዩ የአንድ የዶርም ጓደኛችን ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ሱቅ አለው። ሱቁን ለብዙ ዓመታት የያዙት የጓደኛችን አያት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። እግራቸውን ከታመሙ ወዲህ ግን ከቤት አይወጡም። ዱባይ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቀኑን ሙሉ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ የሚያልፍበት፣ ዋጋ ጠያቂው የማያልቅበት፣ ዐይን የማያርፍበት ቦታ ነው። ከዚያ ተነሥቶ አንድ ክፍል ውስጥ ግድግዳ እያዩ መዋል ከባድ ነው። ልጃቸው ይህን አይተው ከባሕር ማዶ ከመጣ ዕቃ መካከል አንድ አኳሪየም ይዘውላቸው ገቡ። «ቢያንስ የሚንቀሳቀስ ነገር ይዩ» ብለው ነው።

ስለዚህ ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዓሦቹ ከሞቱ የሚሞቱት እማማ ዐይን ፊት ነው።

ስንደርስ ሦስት ፍላጎት ጠበቀን። እማማ የሚፈልጉት ወርቃማውን ዓሣ፣ ጎልድፊሽን ነው። የአሥር ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ከየቀለሙ አንዳንድ ትፈልጋለች፤ አንድ ሰማያዊ ቤታ፣ አንድ የሚያብረቀርቅ ኒዮን፣ አንድ ጉፒ፣ አንድ ባለ መስመር ታይገር ባርብ። ዓሣ የሚሸጠው ሰው በበኩሉ ለግርማ ሞገስ ኤንጀልፊሽ፣ መስታወቱን ለሚያጸዳ ደግሞ ፕሌኮ ጨምሩ ብሏል። «ይስማማሉ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምን ችግር አለው? ሁሉም ዓሣ ነው!» ነበር መልሱ።

እኛ የያዝነው ይህችን «ይስማማሉ» የምትለውን ቃል ነው። ዓሦች ተስማሙ የሚባለው መቼ ነው? ስላልተናከሱ ብቻ ነው? እንዲህ ከሆነ መልሱ ያታልላል፤ ምክንያቱም ሁለት ዓሦች ሳይነካኩ አንዱ ቀስ በቀስ ሊሞት ይችላል። ስናነብና ስናሰላ ቆይተን የመስማማትን ነገር በአራት ጥያቄ ከፈልነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «አንድ ውሃ ይበቃቸዋል ወይ?» የሚል ነው። ብዛቱን ማለታችን አይደለም፤ ዓይነቱን ነው። ጎልድፊሽ ቻይና ውስጥ ከሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ከካርፕ ዘር እየተመረጠ የተራባ ዓሣ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይመቸዋል። ቤታ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃት ረግረጎች የመጣ ነው፤ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ውሃ ብናኖራቸው ወይ አንዱ ይበርደዋል፣ ወይ ሌላው ይሞቀዋል። ሙቀት ብቻም አይደለም። ኒዮን ቴትራ የአማዞን ዓሣ ነው፤ ማዕድን ያልበዛበት፣ ወደ አሲድነት ትንሽ ያዘነበለ ለስላሳ ውሃ ነው የለመደው። ጉፒ፣ ሞሊና ፕላቲ ግን በተቃራኒው ማዕድን ያለበት፣ ፒኤቹ ከ7 ከፍ ያለ ውሃ ይስማማቸዋል። የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶችም ፒኤቹ ከ7 ከፍ ያለ ውሃ ይወዳሉ።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ውሃ ራሱ ይጠየቃል። ከተማችን የምትጠጣው ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። የጉድጓድ ውሃ በድንጋይ መካከል ስለሚቆይ አብዛኛውን ጊዜ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። ስለዚህ አንዱ ሰፈር የሚስማማው ዓሣ ለሌላው ሰፈር ላይስማማ ይችላል። መመርመሪያ ወረቀት ገዝቶ የራስን ቧንቧ ውሃ መለካት ከሁሉ ይቀድማል። የእማማ ቤት ውሃ መጠነኛ ጥንካሬ ያለው ሆኖ አገኘነው። ያን ቀን ኒዮን ከዝርዝሩ ወጣ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል?» ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ዓሣ ሁሉ ጣት የሚያህል ነው፤ ገዢውን የሚያሳስተው ይህ ነው። መስታወት ያጸዳል የተባለው ተራው ፕሌኮ ሲያድግ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ኤንጀልፊሽና ኒዮን ሁለቱም የአማዞን ልጆች ናቸው፤ በውሃ ይስማማሉ። ነገር ግን ኤንጀልፊሹ ሲጎለምስ ኒዮኑ አፉ ውስጥ ይገባል። ዓሣ ደግሞ አፉ ውስጥ የሚገባውን ነገር ጎረቤቱ ነው ብሎ አይተወውም። ጎልድፊሽም ቢሆን እንደ ዝርያው 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ትንሽ ጉፒ ካገኘ ይውጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ጠባዩ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ወንድ ቤታ ሌላ ወንድ ቤታ ካየ ይጋደላል፤ ሰፊ ባለ ቀለም ጅራት ያለውን ጉፒም ባላንጣው መስሎት ሊያጠቃው ይችላል። ታይገር ባርብ የሌላውን ክንፍ መንከስ ይወዳል፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ኒዮንና ታይገር ባርብ ቢያንስ ስድስት ሆነው በመንጋ መኖር የሚፈልጉ ናቸው። «ከየዓይነቱ አንዳንድ» የሚለው የልጅቷ ምኞት ለዐይን ያምራል፤ ለእነሱ ግን ብቸኝነት ነው። ብቻውን የሆነ የመንጋ ዓሣ ጥግ ይዞ ይደበቃል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ በበሽታ ይሸነፋል። ማንም ሳይነክሰው ማለት ነው።

አራተኛው ጥያቄ ሸክሙ ነው፤ የእኛ የትምህርት ዘርፍ እዚህ ላይ ጠቀመን። አኳሪየሙ 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ወርድ፣ 40 ቁመት ነበረው። እስከ አፉ ቢሞላ 112 ሊትር ነው፤ ጠጠሩና ከላይ የሚቀረው ክፍተት ሲቀነስ 90 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። 90 ኪሎ ማለት ነው፤ መስታወቱንና ጠጠሩን ሳንጨምር። የቡና ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ታስቦ የነበረውን አስቀርተን ጠንካራ የብረት ማስቀመጫ አሠራን።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የኦክስጅኑ ነገር ነው። መርካቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ግን 6.2 አካባቢ ነው። እንግዲህ አኳሪየሙ የመጣበት ካርቶን ላይ «ይህን ያህል ዓሣ ይይዛል» ተብሎ ከተጻፈ፣ የጻፈው ሰው መርካቶን አላሰባትም። ውሃው ይበልጥ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ኦክስጅኑ ይበልጥ ያንሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ቀንሰን ማሰብ ነበረብን። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ፓምፕ እንደሚቆምም ሒሳብ ውስጥ አስገባን።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም ጥሩ ጥያቄ አነሣ፦ «ሐይቅ ውስጥ ተበዪውም በዪውም አብረው ይኖሩ የለ? እኛ ምን አስጨነቀን?» እውነት ነው። ጣና ሐይቅን እንመልከት። ላቤዮባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን እዚያ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ ከእነዚህም ስምንቱ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ነገር ግን ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዱ ዳርቻ ይመገባል፣ ሌላው መሐል ሐይቁ ላይ፤ አንዱ ከታች ከጭቃው ይለቅማል፣ ሌላው ከላይ ያድናል። የሚታደነውም መሸሻ አለው። በ80 ሳንቲ ሜትር መስታወት ውስጥ መሸሻ የለም።

ሐይቅም ቢሆን ከውጭ የመጣ እንግዳ ሲገባበት ሊፈርስ ይችላል። ናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ ዓሣ በእኛው ጫሞ ሐይቅ ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር ከጥንት ጀምሮ ይኖራል፤ ማንም ማንንም አላጠፋም። ይኸው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ተጨመረ። በ1980ዎቹ ቁጥሩ በድንገት ሲያሻቅብ፣ ከሐይቁ መበከል ጋር ተደምሮ፣ ሌላ የትም የማይገኙ ትናንሽ የሲክሊድ ዝርያዎች በብዛት ጠፉ። ዓሣው ያው ዓሣ ነው። «ክፉ ዓሣ» ስለሆነ አይደለም፤ ያላደገበት ቦታ፣ እሱን ከማያውቁ ጎረቤቶች ጋር ስለተጨመረ ነው። ማንን ከማን ጋር እንዳኖርን የምንጠየቀው ዓሦቹን ሳይሆን እኛን ነው።

ይህ «እንጠየቃለን» የሚለው ቃል ለእኛ እንዲሁ የአነጋገር ነገር አይደለም። መድረሳ ውስጥ በልጅነታችን የሰማነው፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ፤ ድመት አስራ በመግደሏ ስለተቀጣችው ሴት የሚናገረው። ልጅ ሆነን የሚገባን «ድመት አትምቱ» የሚለው ነበር። አሁን ስናስተውለው ግን ጥፋቷ መምታት አልነበረም። ዘግታባት ሳትመግባት፣ ራሷ ወጥታ እንዳትፈልግም ሳትለቃት መቅረቷ ነው። መስታወት ውስጥ ያለ ዓሣም እንዲሁ ነው። ውሃው ቢበርደው ወደ ሞቃቱ አይሄድም፤ ጎረቤቱ ቢነክሰው ቤት አይቀይርም። በሩን የዘጋነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ከበሩ በስተጀርባ ያለው ሁሉ አማና ነው።

አራቱን ጥያቄዎች ይዘን ስንጨርስ ሁለት አማራጭ ቀረ። አንደኛው ጎልድፊሽ ብቻ ማድረግ ነው። ማሞቂያ አይፈልግም፤ ነገር ግን ቆሻሻው ብዙ ስለሆነና ስለሚያድግ 90 ሊትር ውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ማኖር አይቻልም። ሁለተኛው ፕላቲ ነው። ፕላቲ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ዓሣ ነው፤ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ ነው፣ ሰላማዊ ነው፣ የእማማ ቤት ውሃ ይስማማዋል፣ እስከ 20 ዲግሪ የወረደ ውሃም ይችላል። ቀይ አለው፣ ጥቁር አለው፣ ሰማያዊ አለው፣ እንደ ጎልድፊሽ ብርቱካናማ የሆነም አለው።

አስቸጋሪው ነገር ይህን ለእማማ መንገር ነበር። ወርቃማውን ዓሣ ሲጠብቁ የከረሙ ትልቅ ሰው ናቸው። ልጅ ሆነን «የፈለጉት አይሆንም» ማለት ከበደን። ጓደኛችን ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ የፈለጓቸው ሁሉ አብረው መኖር አይችሉም። አንዱ ብርድ ይወዳል፣ አንዱ ሙቀት ይወዳል» አላቸው። እኛም ስለ ፒኤች ልናብራራ ስንዘጋጅ እማማ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን።

«እናንተ ልጆች፣ ይህን ለእኔ ነው የምታስረዱት?» አሉ። «ሱቄ ውስጥ ሽቶና ሻይ ቅጠል አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ አላውቅም። ሽቶውም ጥሩ ነው፣ ሻዩም ጥሩ ነው። አብረው ካደሩ ግን ሻዩን የሚጠጣው የለም። ሽቶው ምንም አይሆንም፤ የሚጎዳው ሻዩ ነው።»

እኛ በአራት ጥያቄ የከፈልነውን እማማ በአንድ መደርደሪያ ጨረሱት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግሞ አስተውሏት። አለመስማማት ሁለቱንም እኩል አይጎዳም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ያለው ነው የሚከፍለው። አኳሪየም ውስጥም የሚነክሰው ዓሣ ደልቶት ይዋኛል፤ ማየት ያለብን ጥግ የያዘውን ነው። ጎልድፊሽ ወይስ ፕላቲ ብለን ስንጠይቃቸው ወደ ልጅቷ ዞረው «አንቺ ብዙ ትፈልጊ የለ? ብዙ ሆነው የሚመቻቸው ይሁኑ፤ ለእኔ ብርታኳኑ ቀለም ይበቃኛል» አሉ።

ከዚያ የቀረው ሥራ ነው። ውሃውን ሞልተን፣ ባለ 100 ዋት ማሞቂያና ፊልተር ገጥመን ባዶውን አስነሣነው። ለሙከራ አንድ ሌሊት ማሞቂያውን አጥፍተን ስናድር ውሃው ከ23 ዲግሪ ወደ 20 ወረደ። መብራት ቢጠፋ ፕላቲ ያን ሌሊት ይወጣዋል፤ ቤታ ቢሆን ይከብደው ነበር። የቧንቧውን ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ባልዲ ከአንድ ቀን በላይ አሳድረን ነው የምንጨምረው፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ።

ዓሣ ሳናስገባ አምስት ሳምንት ቆየን። ልጅቷ በየቀኑ «መቼ ነው?» ትላለች። ምክንያቱ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ለፈተና ያጠናነው የናይትሮጅን ዑደት ነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይህም መርዝ ነው። ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ፊልተሩና ጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጨመርን አሳደግናቸው። አዲስ ውሃ ንጹሕ መስሎ ዓሣን የሚገድለው እነሱ ስለሌሉበት ነው።

በመጨረሻ ስምንት ፕላቲ ገባ፤ መጀመሪያ አራት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ አራት። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ፕላቲ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፤ ሴቷ በየወሩ ገደማ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ልትወልድ ትችላለች፤ ሱቅ ውስጥ እያለች አርግዛ የምትመጣም አለች። 90 ሊትር ያን ሁሉ አይችልም። ሰው ደግሞ ዓሣ ሲበዛበት የሚያደርገውን እናውቃለን፤ «ነጻ ላውጣቸው» ብሎ ወንዝ ይጨምራቸዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እንቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው አበባው አምሮ ለጌጥ እየተወሰደ ነው። ከቤት ጌጥ የተረፈ ነገር ሐይቅ ሊያስጨንቅ ይችላል። የተረፈ ዓሣ ካለ ገንዳ ላለው ሰው መስጠት ይሻላል።

አልሐምዱሊላህ፣ ይህን ስንጽፍ ስምንቱም ደህና ናቸው። ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ወደ ሻጩ ከመሄዳችሁ በፊት አራቱን ጠይቁ፦ ውሃዬ ምን ዓይነት ነው? ይህ ዓሣ ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል? ከማን ጋርና ስንት ሆኖ መኖር ይወዳል? መብራት ሲጠፋስ? መልሱን ሳትይዙ ብር አታውጡ። ውሃችሁን መለካት የፈለገ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ያግኘን፤ የተረፉን መመርመሪያ ወረቀቶች አሉ።